የጨው ውሃ መዋኛ ገንዳ ምንድን ነው? ክሎሪኑስ ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሐምሌ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ላስ ቬጋስ ውስጥ ገንዳ ያለው ቤት ከገዛ ገና ስምንት ወሩ ነው። «ውሃው አረንጓዴ ሆነብኝ። ሁለት ከረጢት ጨው ጨመርኩበት፣ ጭራሽ ባሰበት» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ግድግዳውን በእጄ ስዳስሰው እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል። አልጌ ነው። ጨው ግን አልጎደለውም ነበር። የጎደለው ክሎሪን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጨው ገንዳ ሲባል ክሎሪን የሌለበት ገንዳ ይመስለዋል። የጨው ገንዳ ክሎሪኑን እዚያው ራሱ የሚሠራ ገንዳ ነው። ጨው ለብቻው አልጌን አይከለክልም። ባሕርን ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያን ያህል ጨው ይዞ አልጌ ሞልቶበታል።

ከፓምፑና ከፊልተሩ ቀጥሎ፣ ቧንቧው ላይ የተገጠመች ዕቃ አለች። ሴል ይሏታል። ውስጧ ስስ የቲታኒየም ዝርግ ብረቶች ተደርድረዋል። ጨዋማው ውሃ በመሃላቸው ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ ከጨው ክሎሪን ያወጣል። ውጤቱ ልብስ የምናነጣበት የበረኪና ዘመድ ነው፣ በጣም የቀጠነ። ክሎሪኑ ሥራውን ሲጨርስ መልሶ ጨው ይሆናል። ውሃ ሲተንም ጨው አብሮ አይተንም። ጨው የሚቀንሰው ውሃ ሲፈስ፣ ሲረጭ ወይም ፊልተር ሲታጠብ ነው። ስለዚህ ሳይለኩ ጨው መጨመር ትርፉ ድካም ነው።

መጠኑም ብዙ አይደለም። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የሚፈልጉት በሊትር 3 ግራም ገደማ ነው። የባሕር ውሃ 35 ግራም አለው። እንባችን እንኳ 9 ግራም ያህል ይይዛል። 50,000 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ 150 ኪሎ ጨው ይበቃዋል ማለት ነው። የወዳጄ መሣሪያ ሰሌዳ 3,900 ይል ነበር፣ በሊትር 3.9 ግራም። ከሚፈለገው በላይ ሆኗል።

ታዲያ ክሎሪኑ የት ገባ? መለኪያ ኪቱን አወጣን። ውሃውን ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼ ቀዳሁ፣ ከላይ ከላዩ ከተቀዳ ልኩ ያሳስታል። ዱቄቱን ጨመርንበት። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ምንም አልተለወጠም። ዜሮ።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንዱ ፓምፑ ነው። መብራት እንዳይቆጥርበት ብሎ በቀን ለ4 ሰዓት ብቻ ያሠራዋል። ሴሏ ክሎሪን የምትሠራው ግን ውሃ በውስጧ ሲያልፍ ብቻ ነው። የምትሠራውም ጥቂት በጥቂት ነው። ኑሮዋ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ልጆች ሲዋኙበት በሚውሉት ገንዳ፣ 4 ሰዓት የትም አያደርስም።

ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። ከፀሐይ የሚከላከልለት ነገር የሌለው ክሎሪን በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ግማሹ ይጠፋል። የሚከላከልለት ሲያኑሪክ አሲድ ነው፣ የገንዳ ሰዎች ስታቢላይዘር የሚሉት። ብዙ የጨው መሣሪያ አምራቾች ከ60 እስከ 80 ሚሊግራም በሊትር ይሁን ይላሉ። የወዳጄ ከ30 በታች ነበር። እኔ በበኩሌ ከጨው ይልቅ መጀመሪያ ይህ ይለካ ባይ ነኝ። ሲበዛም ችግር ነው። ክሎሪኑን አንቆ ይይዘዋል፣ አልጌው አጠገቡ ሆኖ እንኳ አይነካውም። አይተንም፤ ከበዛ መፍትሔው የተወሰነውን ውሃ አፍስሶ አዲስ መጨመር ብቻ ነው። ክሎሪኑ ከስታቢላይዘሩ ቢያንስ 5 በመቶ ያህል ይሁን። ስታቢላይዘሩ 70 ከሆነ ክሎሪኑ ከ3.5 አይውረድ።

አንዴ አረንጓዴ ከሆነ ግን በሴሏ አይመኩ። አቅሟ አይደለም። መጀመሪያ ፒኤቹን፣ የውሃውን የአሲድነት ልክ፣ አስተካከልን። የጨው ገንዳ ፒኤች ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከ7.8 ሲያልፍ ክሎሪኑ ይዳከማል። የሚወርደው በአሲድ ነው። አሲድና ክሎሪን ግን በምንም ዓይነት አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ፓምፑን ለቀቅነው፣ ሌት ተቀን ሠራ። ፀሐይ ስትጠልቅ 5 ሊትር ባለ 10 በመቶ ፈሳሽ ክሎሪን ጨመርን። ያ የ50,000 ሊትር ውሃን ክሎሪን በሊትር በ10 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ብሩሽ። ደረጃው ሥር፣ መሰላሉ ጀርባ፣ ጥላ የሚያርፍበት ጥግ ሁሉ። ያልታሸ አልጌ ከላይ ይሞታል፣ ከሥር ይተርፋል።

በየቀኑ ለካን፣ ጨመርን፣ ፊልተር አጠብን። ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ወተትማ ግራጫ ተለወጠ። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፣ የሞተው አልጌ ነው። ማለቁን የምናውቀው ሌሊት ነው። ማታ ከጨለመ በኋላ ይለካሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይነካው ይደግሙታል። በሌሊት ፀሐይ የለም፤ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ ከቀነሰ የሚበላው አልጌ ገና አለ ማለት ነው።

ሴሏንም ፈታን። አብዛኛው የላስ ቬጋስ ውሃ ከሌክ ሜድ ሐይቅ ይመጣል፣ ካልሲየም የበዛበት ነው። ብረቶቹ ላይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ተጋግሮባቸዋል። በቀጠነ አሲድ አጠብናት። ሲያቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ አሲድ አይጨምሩ፤ ይፈናጠራል።

በስድስተኛው ቀን የታችኛው መፍሰሻ ክዳን ብሎኖች አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። 2 ኪሎ ስታቢላይዘር አሮጌ ካልሲ ውስጥ አድርገን ውሃ የሚመለስበት ቀዳዳ ፊት ሰቀልን፣ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ። ፓምፑ አሁን በበጋ በቀን ለ10 ሰዓት ይሠራል። ጋራዡ ውስጥ የቀሩት የጨው ከረጢቶች እስካሁን አልተከፈቱም።