ምድር ስንት ትመዝናለች?

ጥያቄው ራሱ ያሳስታል። ክብደት አንድ አካል በሌላው የሚሳብበት ኃይል ነው፤ ምድርን የሚሸከም ሚዛን ደግሞ የለም። መጠየቅ ያለበት መጠነ ቁሷ (በውስጧ ያለው የቁስ ብዛት) ነው፦ 5.97 × 10²⁴ ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሲጠጋጋ 6 ተጽፎ ከኋላው 24 ዜሮ።

ስሌቱ አጭር ነው። የስበት ፍጥነት መጨመሪያን (የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን፣ 9.82 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር) በምድር ሬዲየስ (6,371,000 ሜትር) ስኩዌር አባዝቶ ለስበት ቋሚ ቁጥር (6.674 × 10⁻¹¹) ማካፈል። ሬዲየሱን በኪሎ ሜትር ያስገባ ሰው መልሱ ሚሊዮን ጊዜ ያንስበታል።

አስቸጋሪው የስበትን ጥንካሬ የሚገልጸው ቋሚ ቁጥር ነው። በቤተ ሙከራ ኳሶች መካከል ያለው ስበት እጅግ ደካማ በመሆኑ በትክክል መለካት ይከብዳል። ያም ሆኖ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 እ.ኤ.አ. በሽቦ ባንጠለጠላቸው የእርሳስ ኳሶች የምድርን እፍግታ (መጠነ ቁሷ ለይዘቷ ሲካፈል የሚገኘውን) የውሃ 5.48 እጥፍ አድርጎ አገኘ፤ የዛሬው ልኬት 5.51 ነው።