የሜዳ ስፋትና የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾች አካላዊ ጫና

በታዳጊዎች ልምምድ የሜዳ ስፋት አሰልጣኙ ያለ ምንም ወጪ ሊቀያይረው የሚችል መሣሪያ ነው። ኮኖቹን ጥቂት እርምጃ ማስጠጋት ወይም ማራቅ ልጆቹ የሚሮጡትን ርቀት፣ የሚደርሱበትን ፍጥነት፣ የልብ ምታቸውንና ኳስ የሚነኩበትን ብዛት ይለውጣል።

ዋናው መለኪያ ለአንድ ተጫዋች የሚደርሰው ቦታ ነው። 105 በ68 ሜትር የሆነ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ስለሚሆን ለ22 ተጫዋቾች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 325 ካሬ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ30 በ20 ሜትር አራት ለአራት ሲጫወቱ ግን የአንዱ ድርሻ 75 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በየቡድኑ ሁለት ልጅ ቢጨመር ወደ 50 ይወርዳል፤ ኮን ሳይነካ ልምምዱ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

ስፔናውያኑ ካሳሚቻናና ካስቴያኖ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ታዳጊዎችን ከግብ ጠባቂ ጋር አምስት ለአምስት አጫውተው ለአንድ ተጫዋች 275፣ 175 እና 75 ካሬ ሜትር የሚያደርሱ ሜዳዎችን አነጻጽረዋል። ሜዳው በሰፋ ቁጥር ጠቅላላ ርቀቱ፣ ከፍተኛው ፍጥነትና የልብ ምቱ ጨመረ። በጠበበው ሜዳ ደግሞ ኳስ ማቋረጥና ማራቅ በዛ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰፊ ሜዳ ከተከላካዮች ጀርባ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ ወደዚያ የሚሮጥ ልጅ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ለመድረስ በቂ መንደርደሪያ ያገኛል። በጠባብ ሜዳ ሩጫው ከጥቂት ሜትሮች አያልፍም፤ ተነስቶ ወዲያው መቆምና መዞር ይበዛል። ስለዚህ ጠባብ ሜዳን እንደ ቀላል ልምምድ መቁጠር ትልቅ ስህተት ነው። በድንገት መቆም የፊት ጭን ጡንቻንና ጉልበትን በእጅጉ ይፈትናል፤ ድካምን በተሮጠ ርቀት ብቻ የሚለካ አሰልጣኝ ይህን አያየውም። በተለይ ቁመታቸው በፍጥነት በሚጨምርበት ዕድሜ (በወንዶች 14፣ በሴቶች 12 ዓመት አካባቢ) ከጉልበት በታች ያለው አጥንት ጅማቱ በተያያዘበት ቦታ የሚያመው ልጅ በየቀኑ በጠባብ ሜዳ መቆምና መዞር የለበትም።

ሁልጊዜ በጠባብ ሜዳ ብቻ መሥራትም ሌላ ጉዳት አለው። ሙሉ ፍጥነቱን በልምምድ ያልለመደ የኋላ ጭን ጡንቻ በጨዋታ ቀን በድንገት ሲጠየቅ ለጉዳት ይጋለጣል። አንድ ሜዳ ለበርካታ ቡድን በሚካፈልበት ቦታ ያሉ የታዳጊዎች ማሰልጠኛ ፕሮጀክቶች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ቢያንስ በሜዳው ጠርዝ በርዝመቱ አንድ መስመር ለፍጥነት ሩጫ ማስለቀቅ ይቻላል።

በእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበሩ ሜዳን ከዕድሜ ጋር ያሳድጋል። እስከ 2025/26 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን በነበረው አሠራር ከ9 እና ከ10 ዓመት በታች ያሉት ሰባት ለሰባት በ55 በ37 ሜትር፣ ከ11 እና ከ12 ዓመት በታች ያሉት ዘጠኝ ለዘጠኝ በ73 በ46 ሜትር ይጫወቱ ነበር። የአንዱ ልጅ ድርሻ ከ145 ወደ 187 ካሬ ሜትር ገደማ ያድግ ነበር። ልጁ ወደ ትልቁ ሜዳ የሚሸጋገረው እግሩና ሳንባው ሲደርሱ በመሆኑ ይህ አካሄድ ትክክል ነው።

ከሜዳው ሌላ የአሰልጣኙ ድምፅም ጫና ይጨምራል። ራምፒኒኒና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. አዋቂ አማተሮችን ሲያጠኑ፣ አሰልጣኙ እየጮኸ ሲያበረታታ የልብ ምታቸውና በደማቸው ያለው ላክቴት (ጡንቻ በከባድ ሥራ ጊዜ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር) ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሜዳውን ሳይለውጡ ልምምዱን ማክበድም ሆነ ማቅለል የሚቻልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።