ታንክ ማዘመን ምንድን ነው? የአውሮፓ ጦሮችና የአሮጌው ቀፎ ጉዳይ

በኖቬምበር 2025 ሙኒክ ውስጥ ሊዮፓርድ 2ኤ8 የተባለ ታንክ ከፋብሪካ ወጥቶ ታየ። ስሙ አዲስ አይደለም፤ ሊዮፓርድ 2 በምዕራብ ጀርመን ጦር ውስጥ አገልግሎት የጀመረው በ1979 ነው። አዲሱ ነገር ከሥር ያለው ብረት ነበር። ለጀርመን ጦር ሙሉ በሙሉ ከባዶ ተበይዶ የተሠራ ሊዮፓርድ ከ1992 ወዲህ አልወጣም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ በመካከሉ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ኤ5፣ ኤ6፣ ኤ7 እየተባሉ በዜና ሲነገርላቸው የኖሩት ታንኮች ምን ነበሩ? በአብዛኛው የተዘመኑ አሮጌ ታንኮች ናቸው። ይህን ቃል በትክክል ሳይረዱ አውሮፓ ዛሬ ለምን በታንክ ግዥ እንደምትሯሯጥ መረዳት አይቻልም።

መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ሻንሲ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ሞተሩ ተቀይሮ፣ ቦዲው ተቀጥቅጦ፣ ወንበሩ ታድሶ ሊሆን ይችላል፤ ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሻንሲ ቁጥር ግን ያው ነው። ታንክም እንዲሁ ነው። ሁለት ዋና አካል አለው፦ ከታች ሞተሩን፣ ሰንሰለቱንና ሾፌሩን የያዘው ቀፎ፣ ከላይ ደግሞ መድፉን ተሸክሞ ዙሪያውን የሚሽከረከረው ቱሬት። ማዘመን ማለት ቀፎውን፣ ብዙ ጊዜም ቱሬቱን፣ አስቀርቶ በላዩና በውስጡ ያለውን ዕቃ በዘመኑ ዕቃ መተካት ነው። ከጥገና ይለያል፤ ጥገና የነበረውን ይመልሳል፣ ማዘመን ያልነበረውን ይጨምራል። ከግዥም ይለያል። ግዥ የታንኩን ብዛት ይጨምራል፤ ማዘመን አንድም ታንክ አይጨምርም። የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሥራው የሚጀምረው በመፍታት ነው። ቱሬቱ በክሬን ተነሥቶ ለብቻው ይቀመጣል። ሞተሩ ከማርሹ ጋር እንደ አንድ ጥቅል ይወጣል፤ በሊዮፓርድ 2 ላይ ይህን የሠለጠኑ ሰዎች ሜዳ ላይ እንኳ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሱታል። ከዚያ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ መቀመጫው ሁሉ ተነቅሎ ባዶው ቀፎ ይቀራል። ቀለሙ ተፍቆ ብየዳው ይመረመራል፣ የተሰነጠቀው ይበየዳል። ዕድሜ የተጫነው ቀፎ ምስጢሩን የሚያወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በወረቀት ላይ ደህና የተባለ ታንክ ሲፈታ ዝገትና ስንጥቅ ሊገኝበት ይችላል። ዕቅድና ወጪ የሚናጋውም በአብዛኛው ከዚህ ደረጃ በኋላ ነው።

ከዚያ አዲሱ ዕቃ ይገባል። ሊዮፓርድ 2ኤ5 በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ በቱሬቱ ፊት ላይ እንደ ሽብልቅ የሾለ ተጨማሪ ጥሩር ተለጠፈበት፤ ታንኩን ከሩቅ የሚያስለየው መልክ ይኸው ነው። ቱሬቱን የሚያዞረው የዘይት ግፊትም በኤሌክትሪክ ሞተር ተተካ። ብዙ ሰው የማያነሣው ለውጥ ቢሆንም እኔ ትልቁ እሱ ነው እላለሁ፤ ግፊት ያለው ዘይት ታንኩ ሲመታ በእሳት የሚያያዝ ነገር ነውና፣ ምድብተኞቹን ከእሳት አጠገብ አርቋቸዋል። ኤ6 ላይ የመድፉ አፈሙዝ በ1.3 ሜትር ገደማ ረዘመ፤ አፈሙዙ ሲረዝም ጥይቱ ይበልጥ ፈጥኖ ይወጣል፣ ይበልጥ ወፍራም ብረት ይበሳል። ኤ7 ደግሞ ዋናው ሞተር ጠፍቶ መነጽሩንና ሬዲዮውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ጄኔሬተር ይዞ መጣ። አድፍጦ ለሚጠብቅ ታንክ፣ ሞተር ሳያስነሡና ሙቀት ሳያሳዩ መቆየት ሕይወት ነው።

ማዘመን ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑም ክብደት ነው። የመጀመሪያው ሊዮፓርድ 2 ወደ 55 ቶን ይመዝን ነበር፤ ኤ7ቪ ከ66 ቶን በላይ ይመዝናል። ሞተሩ በ1979ም በ1500 የፈረስ ጉልበት ነበር፣ ዛሬም ያው ነው። በዚህ ላይ ድልድዩ አለ። የምሥራቅ አውሮፓ መንገዶች ለዓመታት የተሸከሙት እንደ ቲ-72 ያሉትን፣ ከ45 ቶን ብዙም የማያልፉትን የሶቪየት ታንኮች ነው። ስለዚህ ታንክ የሚያዘምን አገር ሳያስበው የድልድይ፣ የታንክ ጫኝ መኪናና የመጎተቻ ወጪም ይከተለዋል።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለምዕራብ ጀርመን ጦር ብቻ ከ2,100 በላይ ሊዮፓርድ 2 ተሠርቶ ነበር። በ1990 የተፈረመው የአውሮፓ መደበኛ ኃይሎች ስምምነት ለኔቶም ለዋርሶ ስምምነት ጎራም በየበኩላቸው የ20,000 ታንክ ጣሪያ አስቀመጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። ታንክ ዋጋ አጣ። ፖላንድ፣ ፊንላንድና ሌሎችም ከጀርመን መጋዘን በብዛት ወሰዱ። ጀርመን ራሷ በ2011 225 ታንክ ይበቃኛል እስከ ማለት ደርሳ ነበር። የሙኒኩ ፋብሪካ ዕድሉ ሆኖ እንደ ግሪክና ሃንጋሪ ያሉ የውጭ ገዥዎች ስላዘዙት እጁ አልተፈታም። ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ፋብሪካዎች ግን ይህ ዕድል አልዘለቀላቸውም።

የእንግሊዝ ጦር 386 ቻሌንጀር 2 ገዝቶ ነበር፤ የመጨረሻው የተረከበውም በ2002 ነው። የታንኩ መድፍ እንደ ጠመንጃ በውስጡ ጠመዝማዛ መስመር ያለው ሲሆን፣ ጥይቱና ባሩዱ ለየብቻ ይጎርሳሉ። ብዙዎቹ ሌሎች የኔቶ አገሮች ግን ልሙጥ አፈሙዝ ያለውን 120 ሚሊሜትር መድፍ ይዘው ነበር። በዚህም የእንግሊዝ ታንክ በጦር ሜዳ ከጎኑ ከተሰለፈው የጀርመን ታንክ አንዲት ጥይት መበደር አይችልም ነበር። በሜይ 2021 የተፈረመው የ800 ሚሊዮን ፓውንድ ውል 148 ታንኮችን ቻሌንጀር 3 ወደሚባል ይለውጣል፦ ቀፎው የአሮጌው፣ ቱሬቱ አዲስ፣ መድፉ የጀርመኑ ራይንሜታል ልሙጥ መድፍ። ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ከ386 ወደ 148። በ2023 ለዩክሬን የተሰጡት 14 ቻሌንጀሮችም በአዲስ አልተተኩም፤ የሚተካቸው የማምረቻ መስመር የለምና።

ፈረንሳይም እንዲሁ ናት። ሌክሌርክ አጉራሽ የሚባለውን አራተኛ ሰው በማሽን የተካ፣ በሦስት ሰው የሚዋጋ ድንቅ ታንክ ነው። ማምረቱ ግን በ2000ዎቹ መጨረሻ ቆሟል። ለፈረንሳይ ጦር ከተሠሩት 406 ታንኮች ውስጥ 200ዎቹ ኤክስኤልአር ወደተባለው ደረጃ እየተዘመኑ ነው፤ ሬዲዮውና ኮምፒዩተሩ ተቀይሮ ከሌሎቹ አዳዲስ ብረት ለበሶች ጋር መረጃ ይለዋወጣል። ሌላ ሌክሌርክ ይሠራልኝ ማለት ግን አይቻልም።

እስራኤል ያሉ አንባቢዎች «መዒል ሩአሕ» የሚባለውን መሣሪያ ከመርካቫ ታንክ ያውቁታል። ሌላው ዓለም ትሮፊ ይለዋል። በቱሬቱ ዙሪያ ያሉት ራዳሮች የሚመጣውን ፀረ ታንክ ሚሳኤል ያያሉ፤ መሣሪያውም ሳይደርስ በአየር ላይ ያከሽፈዋል። በ2011 ከጋዛ ድንበር አጠገብ በእውነተኛ ውጊያ ተፈትኗል። ዛሬ ኤ8 ከፋብሪካ ይዞት ይወጣል፣ ቻሌንጀር 3ም እንዲሸከመው ተዘጋጅቷል። የጥሩር ክብደት ጣሪያው ላይ ስለደረሰ መከላከያው ከብረት ወደ ራዳር መሸጋገሩ ግድ ነበር። ከላይ የሚወርደው ድሮን ግን ሌላ ፈተና ነው፤ በዩክሬን ታንከኞች በቱሬታቸው ላይ የብረት ፍርግርግ ሲበይዱ የታዩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኔዘርላንድ ታሪክ ነው። በ2011 ታንክ አያስፈልገንም ብላ ወሰነች፤ በ2014 ደግሞ 100 ሊዮፓርድ 2ኤ6 ለፊንላንድ ሸጠች። ብረቱ ሄደ። ሙያው ጨርሶ እንዳይጠፋ የኔዘርላንድ ወታደሮች በጀርመን 414ኛ የታንክ ሻለቃ ውስጥ፣ በተከራዩት 18 ታንክ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። በ2025 አገሪቱ 46 ሊዮፓርድ 2ኤ8 አዘዘች። ለዓመታት በጎረቤት ሻለቃ ውስጥ ሙያውን ያቆዩት ታንከኞች ባይኖሩ ኖሮ አዲሶቹን ታንኮች ተረክቦ የሚያሠለጥን ማን ይገኝ ነበር?

ፖላንድ ሁለቱንም መንገድ ሞክራለች። በ2015 መጨረሻ አሮጌ ሊዮፓርዶቿን 2ፒኤል ወደሚባል ደረጃ ለማዘመን ፈረመች፤ በ2020 ያልቃል የተባለው ሥራ ለዓመታት ተጓተተ። ሩሲያ ዩክሬንን በሰፊው ስትወር ፖላንድ ከ200 በላይ ቲ-72 ለዩክሬን ሰጥታ ክፍተቱን በግዥ መሙላት ነበረባት። በኤፕሪል 2022 250 አዲስ አብራምስ ከአሜሪካ፣ በኦገስት ደግሞ 180 ኬ2 ከደቡብ ኮሪያ አዘዘች። የመጀመሪያዎቹ ኬ2ዎች በዚያው ዓመት ዲሴምበር ግዲኒያ ወደብ ላይ ወረዱ፤ ውሉ ከተፈረመ አራት ወር ገደማ ብቻ ነው። የኮሪያ ፋብሪካ መስመሩ ሳይቆም ይሠራ ስለነበር ነው ይህ የሆነው። ዋጋው ግን በውሉ ላይ ብቻ አያበቃም። ሦስት ዓይነት ታንክ ማለት ሦስት ዓይነት መለዋወጫና ሦስት ዓይነት ሥልጠና ነው። እግረ መንገዴን ልበል፦ የውሉን ገንዘብ ለታንኩ ብዛት አካፍሎ «አንዱ ይህን ያህል ነው» ማለት ያሳስታል፤ በውሉ ውስጥ ጥይት፣ መለዋወጫና ሥልጠናም ይገኛልና።

ጀርመንና ፈረንሳይ ሊዮፓርድንም ሌክሌርክንም የሚተካ አንድ የጋራ ታንክ ለመሥራት ከ2017 ጀምሮ ይነጋገራሉ። ይደርሳል የሚባለው በ2040ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ ቀፎ ያለው ያዘምናል፣ የሌለው ይገዛል።

ሊቱዌኒያ ከሌላቸው ናት። የሩሲያ ጎረቤት ሆና ሳለ የራሷ የታንክ ሻለቃ አልነበራትም፤ ስለዚህ የምታዘምነው ቀፎ የለም። በዲሴምበር 2024 44 ሊዮፓርድ 2ኤ8 ለመግዛት ፈረመች። ጀርመንም እዚያው አገር በቋሚነት ለምታሰፍረው ብርጌድ ያንኑ ኤ8 መርጣለች። ታንኮቹ ሲመጡ የሊቱዌኒያ ሾፌር፣ ተኳሽና አጉራሽ ሙያውን የሚማሩት ከጎረቤታቸው የጀርመን ምድብተኞች ጋር በአንድ ዓይነት ታንክ ላይ ነው፤ መለዋወጫውም ጥይቱም አንድ ይሆናል።