ስለ ደም ውፍረት መደበኛ መጠን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከውጤቱ ጎን የሚታተሙት ሁለት ቁጥሮች፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ወሰን፣ ከየት እንደመጡ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለ ደም ውፍረት (ቪስኮሲቲ)፣ ማለትም ደም ሲፈስ ስለሚያሳየው ውስጣዊ ተቃውሞ፣ ሲነሳ ግን ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። ቁጥሩ እንደ አለካኩ ይለዋወጣልና።

«የጤነኛ ሰው የደም ውፍረት አንድ የታወቀ ቁጥር ነው»

ውኃ በዝግታም ሆነ በፍጥነት ቢፈስ ውፍረቱ ያው ነው። ደም እንዲህ አይደለም። ዝግ ብሎ ሲፈስ ቀይ የደም ሕዋሳት እንደ ተደራረቡ ሳንቲሞች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ፍሰቱ ሲፈጥን ይበታተናሉ፣ ቅርጻቸውንም እያረዘሙ በፍሰቱ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ስለዚህ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ በፈጣን ፍሰት ሲለካ የጤነኛ ጎልማሳ ደም ከ4 እስከ 5 ሚሊፓስካል-ሴኮንድ (የውፍረት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ሲሆን፣ ያው ናሙና በጣም በዝግታ ሲለካ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ሁለቱም ልኬቶች ትክክል ናቸው። የፍሰቱ ፍጥነት (ሸር ሬት) እና የሙቀቱ መጠን ያልተጻፈበት ውጤት፣ በእኔ አስተያየት፣ ውጤት ሊባል አይገባውም።

የቧንቧው ስፋትም የራሱ ድርሻ አለው። ተመራማሪዎቹ ፎሬዩስ እና ሊንድክቪስት በ1931 እንዳሳዩት፣ ደም ከ0.3 ሚሊሜትር በጠበበ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚታየው ውፍረት ይቀንሳል።

«የፕላዝማ እና የደም ውፍረት አንድ ናቸው»

አይደሉም። ሕዋሳት የተለዩለት ፕላዝማ በ37 ዲግሪ ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊፓስካል-ሴኮንድ አካባቢ ነው፤ በፍሰት ፍጥነትም ብዙም አይለዋወጥም። የፕላዝማን ወሰን ማውጣት ከሙሉ ደም ይልቅ የሚቀለውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ከወሰኑ የወጣ ሁሉ ታሟል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ስሕተት ይህ ነው። መደበኛ ወሰን ሲዘጋጅ ጤነኞች ይመረጣሉ፣ ይለካሉ፣ ከዚያም የመካከለኛዎቹ 95 በመቶ ውጤት ይወሰዳል። ከታች 2.5፣ ከላይ 2.5 በመቶ የሚሆኑት ጤነኞች ሆነው ሳለ ከወሰኑ ውጭ ይቀራሉ፤ ስሌቱ ራሱ ያስቀራቸዋል። አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዙ 20 ምርመራዎች ያደረገ ፍጹም ጤነኛ ሰው፣ ሁሉም መደበኛ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል 36 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

በተግባር የሚያስቸግረው ግን ስሌቱ ሳይሆን ጤነኛ ማን እንደሆነ መወሰኑ ነው። ሲጋራ አጫሽ ይግባ? ያለፈው ሳምንት ጉንፋን የያዘውስ? እብጠትና ኢንፌክሽን ፋይብሪኖጅን የተባለውን ፕሮቲን ይጨምራሉ፤ እርሱ ደግሞ ሕዋሳቱን ያጣብቃል። መመዘኛው አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ የሚወጣው ወሰን የጤነኞች ሳይሆን በዕለቱ የተገኙ ሰዎች ወሰን ይሆናል። በዘርፉ የሚሠራበት መመሪያ ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 120 ሰዎች እንዲለኩ ይመክራል።

«ለወንድም ለሴትም አንድ ወሰን ይበቃል»

የሙሉ ደምን ውፍረት በዋናነት የሚወስነው ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሳት ከደሙ የሚይዙት ድርሻ ነው። ይህ ድርሻ በወንዶች በአማካይ ከፍ ስለሚል ውፍረቱም ከፍ ይላል። ስለሆነም ወሰኑ በጾታ ይለያል፣ ወይም ናሙናዎቹ ሁሉ ወደ 45 በመቶ ሄማቶክሪት ተስተካክለው ይለካሉ። በከፍታ ቦታ የሚኖሩ ሰዎች ሄማቶክሪታቸው ብዙ ጊዜ ስለሚጨምር፣ የቆላ ሰዎችን ወሰን ለእነርሱ መጠቀም ያሳስታል።

«የሌላ ላቦራቶሪ ወሰን እንዳለ ይወሰዳል»

ከመወሰዱ በፊት መፈተን አለበት። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ የተቀዳ ደም ይወፍራል፤ ናሙናው እንዳይረጋ ፈሳሽ ሲትሬት የተጨመረበት ቱቦ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ስለዚህ ሌላው መርጋት ከልካይ፣ ኢዲቲኤ፣ ይመረጣል። ናሙናው በአራት ሰዓት ውስጥ መለካት ይኖርበታል። የመለኪያው ዓይነትም ውጤቱን ይለውጣል። ዘዴውና የሚለካው ሕዝብ የሚቀራረቡ ከሆነ፣ 20 ጤነኞችን ለክቶ ከሁለት የማይበልጡት ከወሰኑ ውጭ ከሆኑ ወሰኑን መቀበል ይቻላል።

«ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ደምን ያቀጥናል»

ዋርፋሪን እና ሄፓሪን የደም መርጋትን ሂደት ያዘገያሉ፤ አስፒሪን ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) እንዳይጣበቁ ያደርጋል። የደሙ ውፍረት ግን እምብዛም አይነካም። ውፍረቱን በእርግጥ የሚቀንሰው፣ ቀይ ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲበዙ ደም መቅዳት፣ እንደ ዋልደንስትሮም (የደም ካንሰር ዓይነት) ባሉ በሽታዎች በደም ውስጥ ፕሮቲን ሲበዛ ደግሞ ፕላዝማውን ማጣራት ነው። በእነዚህ በሽታዎች ዕይታ ሲደበዝዝ፣ አፍንጫ ሲደማና ራስ ምታት ሲበረታ፣ ሐኪሞች ማጣራቱን የሚጀምሩት በምልክቱ ነው እንጂ የውፍረት ቁጥሩ ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ጠብቀው አይደለም።