በዓይነት የሚሰጥ ጥቅማ ጥቅም ምንድን ነው? ግብሩስ የት ይታያል?

የቤት ኪራዩን ድርጅቱ የሚከፍልለት የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ የመሥሪያ ቤት መኪና ይዞ ቤቱ የሚያድር የሽያጭ ኃላፊ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፈንለት ኢንጂነር፣ ሁሉም በወር መጨረሻ ፔሮል ላይ ከሚፈርሙበት ደመወዝ በላይ ያገኛሉ። ከአሠሪው ኪስ ወጥቶ፣ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዕቃ ወይም በአገልግሎት መልክ ለሠራተኛው የግል ኑሮ የሚውል ነገር ሁሉ በዓይነት የሚሰጥ ጥቅማ ጥቅም ይባላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይህን ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዝርዝሩንና የዋጋ አተማመኑን የያዘው ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 410/2009 ነው።

በእኛ በሰሜን ሸዋ፣ በተለይ በደብረ ብርሃን፣ ነገሩ የጥቂት አለቆች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ብቻ የምትታወቅበት ጊዜ አልፎ ዛሬ የቢራና የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች እንዲሁም ኢንዱስትሪ ፓርክ አሏት። ባለሙያን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው አዲስ አበባ አምጥቶ በዚህ ብርድ ውስጥ ለማቆየት ደመወዝ ብቻ አይበቃም። ቤት፣ መኪና፣ የስልክ ወጪ ይጨመራል። ስለዚህ ቅጥር ሲፈረም “ቤት አለው” የምትለው ቃል ስንት ብር እንደሆነች ሠራተኛውም የሂሳብ ክፍሉም ማወቅ አለባቸው።

ምን ምን ይገባበታል? በብዛት የሚያጋጥመው የመኖሪያ ቤት ነው። ድርጅቱ ቤቱን ተከራይቶ ከሰጠ የጥቅሙ ዋጋ የከፈለው ኪራይ ነው፤ ቤቱ የራሱ ከሆነ ደግሞ በአካባቢው ገበያ ሊከራይ የሚችልበት ዋጋ ይወሰዳል። ሠራተኛው ከኪሱ የሚያዋጣው ካለ ይቀነስለታል። መኪና ሲሆን ስሌቱ ከተገዛበት ዋጋ ይነሳል፤ ለሥራ የዋለው ድርሻ አይቆጠርበትም። አሠሪው ደመወዝ የሚከፍለው የቤት ዘበኛ፣ ምግብ አብሳይ ወይም አትክልተኛ፣ ከገበያው ባነሰ ወለድ የተሰጠ ብድር፣ የተሰረዘ ዕዳ፣ በነፃ ወይም በቅናሽ የተሰጠ የፋብሪካው ምርት፣ ለሠራተኛ የተሰጠ አክሲዮን፣ እነዚህም በዚሁ ሥር ይወድቃሉ። የደህንነት ጫማ፣ ቱታና የራስ ቁር ግን የሥራ መሣሪያ እንጂ ጥቅም አይደሉም። መለያው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዕቃው የተሰጠው ሥራው እንዲሠራ ነው ወይስ ሠራተኛው በግል እንዲኖርበት?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በአንዳንድ ሌሎች አገሮች ሠራተኛው በዓመት አንድ ጊዜ የግል የግብር ማሳወቂያ ሞልቶ ያገኘውን ጥቅም ራሱ ይዘረዝራል። በእኛ አገር አብዛኛው ተቀጣሪ እንዲህ አያደርግም። ግብሩን በየወሩ ከደመወዙ ቀንሶ ገቢ የሚያደርግለት አሠሪው ነው፣ ግብሩም በዚያው ያልቃል። ስለዚህ የእርስዎ ማሳወቂያ ማለት አሠሪዎ በየወሩ ለገቢዎች የሚያቀርበው የሠንጠረዥ ሀ፣ ማለትም ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር፣ ቅጽ ነው። እዚያ ላይ ከመሠረታዊ ደመወዝ፣ ከትራንስፖርት አበልና ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀጥሎ የሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች ዓምድ አለ። የቤቱ ዋጋ መታየት ያለበት እዚያ ነው። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ገቢው አልተነገረም ማለት ነው። ቅጹን ሞልቶ የሚልከው ሌላ ሰው ስለሆነ ብቻ ጉዳዩን እንዳላዩ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም፤ ገቢው በእርስዎ ስም የተመዘገበ ነው። ፔሮሉን ማየት፣ የሂሳብ ሹሙን መጠየቅ፣ የራስን ቅጂ መያዝ ነውር የለበትም።

በቁጥር ካላየነው አይገባም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ገቢ ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ከ14,000 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይደርሳል። ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እናስብ። በደመወዙ ብቻ ግብሩ 2,250 ብር ነው። ድርጅቱ የ6,000 ብር ቤት ተከራይቶ ሲሰጠው ጠቅላላ ገቢው 18,000 ይሆንና ግብሩ ወደ 4,250 ያድጋል፤ ቤቱ ያስከተለው ጭማሪ 2,000 ብር ነው። ደንቡ ግን እዚህ ላይ ገደብ አስቀምጧል፤ በጥቅማ ጥቅም ላይ የሚከፈለው ግብር ከሠራተኛው ደመወዝ 10 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ በቤቱ ምክንያት የሚቆረጠው 1,200 ብር ብቻ ሲሆን ጠቅላላ ግብሩ 3,450 ይሆናል። ጥቅሙ አነስተኛ ከሆነ ገደቡ አይነካውም፤ በ6,000 ብሩ ቤት ምትክ የ1,000 ብር የስልክ ወጪ ቢሸፈንለት የሚጨመረው ግብር 300 ብር ብቻ ነው።

ይህን ገደብ የማያውቅ የሂሳብ ክፍል ሙሉውን 2,000 ሊቆርጥ ይችላል፤ የማያውቅ ሠራተኛም ዝም ብሎ ይቀበላል። በየወሩ 800 ብር ማለት በዓመት 9,600 ብር ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

“እንግዲያውስ 6,000 ብሩን በደመወዝ ላይ ጨምሩልኝ” ማለት ይሻላል ወይ? እናስላው። ደመወዙ 18,000 ሆኖ 4,250 ግብርና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ 1,260 ብር ተቆርጦ፣ ኪራዩንም ራሱ ከከፈለ በእጁ የሚቀረው 6,490 ብር ነው። ቤቱ በዓይነት ሲሰጠው ግን ከ12,000ው ላይ 3,450 ግብርና 840 ጡረታ ተነስቶ 7,710 ይቀረዋል። ልዩነቱ 1,220 ብር ነው። ለዛሬ ኪስ ቤቱ ያዋጣል። ነገር ግን ጡረታ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶም እንዲሁ። ለረጅም ዓመት የሚቆይ ሰው በቤትና በመኪና ደልቦ ደመወዙ ባለበት ከቀረ፣ ጡረታ ሲወጣ የሚያገኘው ባነሰው ደመወዝ ልክ ይሆናል። ወጣት ባለሙያዎች ሲዋዋሉ ይህን ማንም አይነግራቸውምና እኔ ደጋግሜ እላለሁ።

ከግብር ነፃ የተደረጉም አሉ። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪ፣ በመመሪያ በተወሰነው መጠን የትራንስፖርት አበል፣ የሥራ ጉዞ ወጪ ነፃ ናቸው። በማምረቻ፣ በማዕድንና በግብርና ሥራ የተሰማራ አሠሪ ለሠራተኛው በነፃ የሚያቀርበው ምግብና መጠጥም እንደዚሁ፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ካፌ ምሳ ወይም የሸዋ ሮቢት እርሻ ላይ የሚቀርብ ቁርስ ግብር አያስከትልም።

የሚያደናግር ሌላ ነገር “የተጣራ ደመወዝ” የሚባለው ውል ነው። ድርጅቱ “ግብሩን እኔ እችላለሁ፣ አንተ ይህን ያህል ኔት ታገኛለህ” ሲል የቻለው ግብር ራሱ ለሠራተኛው የተሰጠ ገቢ ይሆናልና በገቢው ላይ ይደመራል። ውሉ ላይ የተጻፈው የተጣራው ቁጥር ብቻ ከሆነ ያልተጣራው ስንት እንደሆነ ጠይቆ ማስጻፍ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል ለሚል፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ የሥራ ግብር የክልል ገቢ ነው። ሳይነገር የቀረ የቤት ኪራይ ጥቅም ለመሐል ሜዳም ለአንኮበርም መንገድና ጤና ጣቢያ የሚውለውን በጀት ያጎድላል። ግብሩን ቀንሶ ገቢ ያላደረገ አሠሪም ላልተቀነሰው ግብር ተጠያቂ ይሆናል።

ጥቅሙን በራሱ እጅ ማሳወቅ ያለበት ሠራተኛም አለ። አሠሪው ግብር ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ የሌለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤምባሲ፣ ገቢውን የሚያሳውቀውና ግብሩን የሚከፍለው ተቀጣሪው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የኪራይ ውሉን፣ አሠሪው የከፈለበትን ደረሰኝ፣ መኪና ከያዘ የት የት እንደሄደበት የሚያሳይ መዝገብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይያዝ፤ ጥቅሙን በገንዘብ ተምኖ ከደመወዙ ጋር አብሮ ይጻፍ፣ የ10 በመቶውን ገደብም ራሱ ያስላ።