የስድስት ወር ሕግ ምንድን ነው? ፓስፖርት ቀኑ ሳይደርስ የሚያልቅበት ምክንያት

ፓስፖርቱ ሊያልቅ ገና አራት ወር ይቀረዋል። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል። ቦሌ ላይ ግን የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጦ ያይና «በዚህ መብረር አይችሉም» ይላል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከቡሬ ሻንጣውን ይዞ የመጣ መንገደኛ ስለ ስድስት ወር ሕግ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው። ያኔ ደግሞ መስማቱ አይጠቅመውም።

ሕጉ ራሱ አጭር ነው። ብዙ አገሮች የእንግዳው ፓስፖርት ሲገባ ቢያንስ ስድስት ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ከዚያ ካነሰ ለእነሱ ያለቀ ያህል ነው። ከእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚሄድባቸው ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለጎብኚ ይህን ይጠይቃሉ። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የሚነሱ ምእመናንም ስድስት ወሩን አሟልተው ቢነሱ ይሻላቸዋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ለ5 ዓመት ነበር። በዚህ ሕግ ካሰባችሁት የ5 ዓመቱ ፓስፖርት በተግባር የሚያገለግለው አራት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው።

ለምን ስድስት ወር? አገሮች የሚያሳስባቸው እንግዳው መውጣት ሲያቅተው ነው። ሰው ለአንድ ወር ብሎ ይሄዳል። ከዚያ ይታመምና ሆስፒታል ይተኛል፣ በረራ ይሰረዛል፣ ወይም ፖሊስና ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ ይገጥመዋል። በመሃል ፓስፖርቱ ቢያልቅ ሰውየውን ወደ አገሩ መላክ ራስ ምታት ነው። ኤምባሲ ይጠየቃል፣ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ ወደ አገር መመለሻ የሚሰጥ ወረቀት) እስኪሠራለት ይጠበቃል። ከዓረብ አገር ዘመድ የተመለሰለት ሰው ይህን ወረቀት በደንብ ያውቀዋል። ስድስት ወሩ እንግዲህ ለዚህ ሁሉ የተያዘ መጠባበቂያ ነው።

«ቪዛ ሰጥተውኝ የለ እንዴ?» የሚል ክርክር ካውንተር ላይ ብዙ ይሰማል። አይሠራም። ቪዛው አንድ ጥያቄ ነው፣ የፓስፖርቱ ዕድሜ ሌላ። ደግሞ የሚከለክላችሁ አየር መንገዱ መሆኑ ሰውን ያናድዳል። አየር መንገዱ ግን የራሱ ሥጋት አለበት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 ቺካጎ ላይ በተፈረመው የአቪዬሽን ስምምነት ሥር በወጡት ደንቦች መሠረት፣ መግባት የተከለከለን መንገደኛ መልሶ የመውሰድ ኃላፊነት ያመጣው አየር መንገድ ነው። ብዙ አገሮች በላዩ ላይ ይቀጡታል። ስለዚህ ሠራተኛው ፓስፖርታችሁን ከኮምፒውተሩ ጋር ያመሳክራል። እዚያ የየአገሩ መስፈርት ተዘርዝሮ ተቀምጧል። ለእናንተ ብሎ የሚያልፈው ነገር የለም። ደላላ «ችግር የለውም፣ ያልፋል» ቢላችሁ አትስሙት። ካውንተሩ ጋ የሚቆመው እሱ አይደለም።

ስሙ የስድስት ወር ሕግ ይባል እንጂ ሁሉም አገር ስድስት ወር አይልም። የሸንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ፓስፖርቱ ከእነሱ ከወጣችሁ በኋላ ሦስት ወር እንዲቀረው ነው የሚሉት፤ የተሰጠበትም ቀን ከ10 ዓመት መብለጥ የለበትም። ቱርክ የቪዛው የቆይታ ጊዜ ካበቃ በኋላ 60 ቀን ትጠይቃለች። ብሪታንያ የምትቆዩበትን ጊዜ ከሸፈነ ይበቃታል። የሚቆጠርበት መነሻም ይለያያል፤ አንዱ ከገባችሁበት ቀን፣ ሌላው ከምትወጡበት ቀን ይጀምራል። ሁለት ወር የሚቆይ ሰው መነሻውን ካሳሳተ ስሌቱ በሁለት ወር ይዛነፋል ማለት ነው። በመንገድ ላይ ትራንዚት ካላችሁና ከአውሮፕላን ማረፊያው የምትወጡ ከሆነ ደግሞ የዚያን አገርም መስፈርት እዩ።

አሁን ወደ እኛ ጣጣ፣ ወደ ዘመን አቆጣጠሩ። ፓስፖርት ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ደግሞ ጉዞን የምናስበው በመስከረምና በጥቅምት ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የፓስፖርቱ ማብቂያ ማርች 10 ቀን 2027 ነው እንበል። በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2019 ላይ ይውላል። ባለቤቱ ጣቱን ቆጥሮ «ስድስት ወር ወደ ኋላ፣ መስከረም 1። እንቁጣጣሽን ከቤተሰብ ጋር በልቼ ማታ እበራለሁ» ይላል። መስከረም 1 ቀን 2019 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው። በፈረንጁ ስድስት ወሩ ልክ የሚሞላው ሴፕቴምበር 10 ላይ ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5። በአንድ ቀን አለፈው። የእኛ ወር ሁሌም ሠላሳ ነው፣ የእነሱ 28ም 31ም ይሆናል፣ ጳጉሜንም በመሃል ትገባለች፤ ስለዚህ ይህን ስሌት በፈረንጁ ጀምራችሁ በፈረንጁ ጨርሱት። ያውም የሚታየው የምትነሱበት ቀን ሳይሆን የምትደርሱበት ነው። የሌሊት በረራ ላይ ይህ ለውጥ ያመጣል።

እኔ ብሆን ፓስፖርቴ ስምንትና ዘጠኝ ወር ሲቀረው ማሳደሱን እጀምራለሁ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ባሕር ዳር የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አለ። ከሞጣ ወይም ከእንጅባራ ለሚመጣ ግን ቀጠሮው፣ መንገዱ፣ ማደሪያው አለ። አስቀድሞ መነሳት ነው።

ሲያሳድሱ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። አዲሱ ፓስፖርት አዲስ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው። በኢንተርኔት የሚወጣው ኢ-ቪዛ ደግሞ ከፓስፖርት ቁጥር ጋር የተሳሰረ ነው። መጀመሪያ ኢ-ቪዛ አውጥቶ በኋላ ፓስፖርት ያሳደሰ ሰው እጁ ላይ የማይገጥሙ ሁለት ወረቀቶች ይኖሩታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቪዛውን እንደገና መጠየቅ ይገደዳል። ስለዚህ ፓስፖርቱ ይቅደም። ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ቪዛ ትንሽ ይለያል። ለምሳሌ የአሜሪካ ቪዛ ጊዜው ካላለፈና ካልተበላሸ፣ ያለቀውንና አዲሱን ፓስፖርት አንድ ላይ ይዞ መጓዝ ይቻላል። አሮጌውን አትጣሉት፣ ቪዛውንም ቀዳችሁ አዲሱ ላይ ለመለጠፍ እንዳትሞክሩ።

ሕጉ ወደ እኛ በሚመጡትም ላይ አለ። ጣናን ወይም ጢስ ዓባይን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ የኢትዮጵያን ኢ-ቪዛ ሲጠይቅ፣ ፓስፖርቱ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲያገለግል ይጠየቃል። የውጭ ዜግነት የያዘ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ለጥምቀት እመጣለሁ ሲላችሁም ጠይቁት። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያለው ቪዛ አያስፈልገውም። ፓስፖርቱ ግን ያስፈልገዋል፤ እሱም ቀኑን ይመልከት።