ቬኒስ፦ ሳያድር የሚሄድ እንግዳ የበዛባት ከተማ

ቬኒስ ውስጥ፣ ሪያልቶ ድልድይ አጠገብ፣ አንድ ፋርማሲ አለ። መስኮቱ ላይ ከ2008 ጀምሮ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ተቀምጧል። የወረፋ ቁጥር እንዳይመስላችሁ። ከተማዋ ውስጥ የቀሩት ነዋሪዎች ብዛት ነው። በ1951 አሮጌዋ ቬኒስ 175,000 ያህል ሕዝብ ነበራት። በኦገስት 2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግዳው ቁጥር ግን ሽቅብ ነው። በዓመት ከ20 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገመታል። ይህ ሁሉ ሰው የሚረግጠው 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች መሬት ነው። ከመጠን ያለፈ ቱሪዝም ሲነሳ ባርሴሎናም ይጠራል፣ የፔሩ ማቹ ፒቹም ይጠራል። ቬኒስ ግን ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች።

ውሃ ላይ የቆመ ከተማ

ቬኒስ ያለችው በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ነው። ከ100 በላይ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ተሠርታለች፤ ከ400 በላይ ድልድዮች ያያይዟቸዋል። ዙሪያዋን ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም፤ ከዋናው ባሕር በቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች የተከለለ ነው። ቤቶቹ ጭቃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ቆመዋል። መኪና የለም። ብስክሌት መንዳትም ክልክል ነው። ዳቦው፣ ሲሚንቶው፣ ቆሻሻው፣ አምቡላንሱ፣ ሬሳው ሳይቀር በጀልባ ነው የሚጓጓዘው።

ችግሩ የሚገባችሁ ከዚህ ነው። ሌላ ከተማ ውስጥ መንገድ ሲዘጋ በሌላ በኩል ይዞራል። እዚህ ግን መተላለፊያው አንዳንዴ ሁለት ሰው በቅጡ አያሳልፍም። አንድ ቡድን ፎቶ ልነሳ ብሎ ድልድይ ላይ ከቆመ፣ ከኋላ ያለችው ነርስ ሥራ ይረፍድባታል።

ለእኛ ደግሞ ቬኒስ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር በስጦታ ይዘው ገብተውባታል። ሲመለሱም የእጅ ባለሙያዎች አስከትለዋል። በ1450 ገደማ ደግሞ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የሰማው ከራሳቸው ከአገሩ ሰዎች ነው። ካርታው ዛሬም ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ላይ፣ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። አበሻ ሆኖ እዚያ ድረስ ሄዶ ይህን ሳያይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል።

ወርቁና ጨርቁ

እኛ ዘንድ «እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» ይባላል። የሚከብደው የሚሰነብተው ነው ማለት ነው። ቬኒስ ውስጥ ተረቱ ይገለበጣል። ወርቁ የሚያድረው ነው፤ ጨርቁ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄደው።

አብዛኛው ጎብኚ ደግሞ ይህኛው ነው። በባቡር ወይም በአውቶቡስ ይመጣል። ሳንድዊቹን በቦርሳው ይዟል። ከጣቢያው ወደ ሪያልቶ፣ ከሪያልቶ ወደ ቅዱስ ማርቆስ ይሄዳል፤ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። ሁሉም በአንድ ሰዓት፣ ሁሉም በአንድ መንገድ። የሚተወው ገንዘብ ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ የአንድ ማስታወሻ ማግኔት ዋጋ ቢሆን ነው፤ ማግኔቱም ብዙ ጊዜ የተሠራው ሌላ አገር ነው። የሚጥለው ቆሻሻ ግን እዚያው በሰው ጉልበት ተሰብስቦ፣ በጀልባ ተጭኖ ይወጣል።

እውነቱን ለመናገር የሚያድረውም ከጥፋት ነፃ አይደለም። የቤት ባለቤት ሒሳብ ያውቃል። ለነዋሪ በወር ከማከራየት ለቱሪስት በሌሊት ማከራየት ይሻለዋል። ቤቱ ወደ ኤርቢኤንቢ፣ ማለትም በኢንተርኔት ቤት ለእንግዳ ወደሚከራይበት ገበያ፣ ሲገባ አንድ ቤተሰብ ይወጣል። ቤተሰብ ሲወጣ ግሮሰሪው ደንበኛ ያጣል፤ በቦታው የካርኒቫል ጭምብል የሚሸጥ ሱቅ ይከፈታል። የጠፋች ቡሎን የምትገዛበት ሱቅ የለም፣ ጭምብል ግን በየማዕዘኑ ሞልቷል። በ2023 የቱሪስት አልጋ ቁጥር ከነዋሪው ቁጥር በለጠ።

ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። በኖቬምበር 2009፣ ቁጥራቸው ከ60,000 በታች ሲወርድ፣ የሬሳ ሣጥን በጀልባ ጭነው በታላቁ ቦይ ላይ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉ። ለከተማዋ የቁም ተዝካር እንደ ማውጣት ነው። በከተማዋ መሃል የሚያልፉትን ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦችም ለዓመታት ተቃወሙ። ሰሚ የበዛው ግን በጁን 2019 ከእነዚህ መርከቦች አንዱ መቆም አቅቶት ከወደቡና ከአንዲት የቱሪስት ጀልባ ጋር ከተጋጨ በኋላ ነው። ሰዎች ተጎዱ። ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆነ መርከብ በቅዱስ ማርቆስ ፊት ለፊት እንዳያልፍ ተከለከለ።

5 ዩሮ

ዩኔስኮ ቬኒስን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1987 ነው። በ2021 እና በ2023 ባለሙያዎቹ «አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ትግባ» ብለው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ኮሚቴው ሳያስገባት ቀረ። በዚህ መሃል ከተማዋ ብዙ የተወራለትን ሕግ አወጣች፤ ለቀን ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ።

ክፍያው የተጀመረው በኤፕሪል 25 ቀን 2024 ነው። በተመረጡ 29 ቀናት፣ በእነሱ ሰዓት ከጠዋቱ 8:30 እስከ ከሰዓት በኋላ 4:00 ድረስ የሚገባ ሰው 5 ዩሮ ከፈለ። ከተማዋ ውስጥ የሚያድር አይከፍልም፤ እሱ በሆቴሉ በኩል ግብር ይከፍላል። ዕድሜያቸው ከ14 በታች የሆኑ ልጆችም ነፃ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት 485,000 ያህል ሰው ከፍሎ 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሰበሰበ። በ2025 ቀኖቹ ወደ 54 አደጉ፤ ቀድሞ ያልመዘገበ 10 ዩሮ እንዲከፍል ተደረገ።

በእኔ እይታ ይህ ገንዘብ ማንንም አይመልስም። አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ ሰው 5 ዩሮ ብሎ ፊቱን አያዞርም፤ አደባባዩ ላይ ቡና ከዚያ በላይ ይከፈልበታል። በመጀመሪያው ቀን የወጡት ተቃዋሚዎችም ከተማን በቲኬት ማስገባት ሙዚየም ያደርገናል ነበር የሚሉት። በ2024 የወጣው ሌላኛው ሕግ ብዙ አልተወራለትም፣ ለእኔ ግን ያ ይሻላል፦ የሚመራ ቡድን ከ25 ሰው እንዳይበልጥ፣ አስጎብኚም በድምፅ ማጉያ እንዳይናገር።

ላሊበላ ላይ ይህን ሁሉ ብታወሩ አስጎብኚዎቹ ይስቁባችኋል። እነሱ በኮሮና፣ ከዚያም በጦርነቱ እንግዳ አጥተው ባዶ ሆቴል ሲጠብቁ ነው የከረሙት። እንግዳ አንዱ ጋ ይትረፈረፋል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል።

ስትሄዱ

ከተቻለ ሁለት ሌሊት እደሩ። ማታ፣ የቀን እንግዳው ሲወጣ፣ ሌላ ከተማ ናት። ሜስትሬ ላይ አልጋ ይረክሳል፤ በማዘጋጃ ቤት አስተዳደርም የቬኒስ አካል ነው። ግን ዋናው መሬት ላይ ስለሆነ ጠዋት ከሌላው ሕዝብ ጋር በአንድ ባቡር ተጋፍታችሁ ነው የምትገቡት። ቤት ስትከራዩ የምዝገባ ቁጥሩን እዩ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ ይህ ቁጥር እንዲኖረውና ማስታወቂያው ላይ እንዲታይ ግዴታ ነው።

በእነሱ በጋ፣ ማለትም ከጁን እስከ ኦገስት፣ አትሂዱ። ኖቬምበር ጥሩ ነው፣ ውሃው ከፍ ሊል ቢችልም። በኖቬምበር 12 ቀን 2019 ውሃው 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን ሞዜ የሚባሉት ተንቀሳቃሽ መዝጊያዎች ማዕበሉን ከባሕሩ በር ላይ ያግዱታል።

በእግር ስትሄዱ ቀኝ ያዙ። ድልድይ አናት ላይ አትቁሙ። ቫፖሬቶ፣ ማለትም የውሃ ላይ አውቶቡሱ፣ ውስጥ ስትገቡ የጀርባ ቦርሳችሁን አውርዱ። ለእንግዳ 9.50 ዩሮ የሚከፈልበት ቢሆንም ለነዋሪው የሥራ ትራንስፖርቱ ነው። ርግብ መመገብ፣ ቅዱስ ማርቆስ ደረጃ ላይ ተቀምጦ መብላት፣ ቦይ ውስጥ መዋኘት ያስቀጣሉ። የታሸገ ውሃም አትግዙ፤ ከ100 በላይ የሚጠጣ ውሃ ያላቸው ቧንቧዎች በየአደባባዩ አሉ።

ሲርባችሁ ባካሮ ፈልጉ። ቆሞ የሚበላበት ትንሽ የወይን ጠጅ ቤት ነው። ቁራሽ ዳቦ ላይ እንደ ቅቤ የተመታ የደረቀ ዓሣ ያቀርቡላችኋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቼዋለሁ።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ደግሞ ወደ ቶርቼሎ ደሴት ሂዱ። በ639 የተመሠረተ ካቴድራል አላት። ግድግዳው ላይ የመጨረሻው ፍርድ በሞዛይክ ተሥሏል። በመካከለኛው ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖሩባት ነበር፤ ዛሬ ነዋሪዎቿ 20 እንኳ አይሞሉም። እነዚያን ያስወጣቸው ቱሪስት አልነበረም። ደለልና ወባ ነው።